ወረቀት ወይስ ሸራ? ስለ ሥዕሎቻችን ቅጂ

በመርጡለ ማርያም ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ዛሬ የያዝኩት ርእስ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ከሚገኝ አንድ ደብር ሦስት ሰዎች ወደ ቢሮዬ መጡ። አንደኛው ካህን፣ ሁለተኛው የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ሦስተኛው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ነበሩ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ከዳር ከዳሩ እየተላጠ ስለሆነ ፎቶ አንሥተው ሊያሳትሙት አስበዋል። ገንዘቡም ከምእመናኑ ተዋጥቷል። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ «ኅትመቱ በወረቀት ይሁን ወይስ በሸራ?» የሚል። ወጣቱ ወረቀት ጥራት አለው፣ ዋጋውም ይቀንሳል ይላል። ካህኑ ደግሞ ሸራ ይበረታል ይላሉ።

በአምስት ደቂቃ የምመልሰው ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ውይይቱ ግን ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሲሰናበቱኝም በሩ ላይ ቆመው ሌላ ጥያቄ ጨመሩልኝ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዚያ በሁለተኛው ጥያቄ ምክንያት ነው። ወደ እርሱ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ልናገር፤ በገበያችን «ሸራ» የሚባሉት ነገሮች ቢያንስ ሦስት ናቸውና። አንደኛው ዐውድማ ላይ የምንዘረጋው፣ በክረምት እህል የምንሸፍንበት ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው በምረቃና በበዓል ቀን በየአደባባዩ የሚሰቀለው ባነር ነው፤ እርሱም ፕላስቲክ ነው። ሦስተኛው ከጥጥ፣ አንዳንዴም ጥጥ ከፖሊስተር ተቀላቅሎ የሚሸመነው፣ ቀለም እንዲይዝ ፊቱ በልዩ ሽፋን የተለበጠው የሥዕል ሸራ፣ ብዙዎች ካንቫስ የሚሉት ነው። እኔ ዛሬ ሸራ ስል ይህን ሦስተኛውን ብቻ ማለቴ ነው። ብዙ ደብር «በሸራ አሳተምን» ብሎ ባነር ይዞ ተመልሷል። ባነር ለማስታወቂያ የተሠራ ነገር ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ብርሃን ሲያርፍበት ያብለጨልጫል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቅጂው በምን ላይ ይታተም የሚለውን ከመወሰናችን በፊት ዋናው ሥዕል ራሱ በምን ላይ እንደ ተሠራ መጠየቅ ይገባናል። ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ሳቀርብ አብዛኞቹ «በግድግዳ ላይ» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ፣ በዘጌ በኡራ ኪዳነ ምሕረት የምናያቸው ሥዕሎች በአብዛኛው በጥጥ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ናቸው፤ ጨርቁ ደግሞ በጭቃና በጭድ በተመረገው ግድግዳ ላይ በሙጫ ተለጥፏል። እጃችሁን ሳታስጠጉ ከጎን በኩል በብርሃን ብታዩት የጨርቁ ድርና ማግ፣ የቁራጮቹም መጋጠሚያ ይታያል። በጥንት ዘመን ጨርቁ የአገራችን ሸማኔ ሥራ ነበር፤ በኋላ ከውጭ የመጣው አቡጀዲ ተጨመረበት።

አባቶቻችን ጨርቅን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የጭቃ ግድግዳ ሕይወት ያለው ያህል ይንቀሳቀሳል። ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል። ቀለም በቀጥታ በጭቃው ላይ ቢሆን ኖሮ ስንጥቁ ፊቱን ለሁለት ይከፍለው ነበር። ጨርቅ ግን ትንንሹን ስንጥቅ ተሻግሮ ይይዛል። ሲጎዳ ይጠገናል፣ ከአንድ ወገን ሲለቅ መልሶ ይለጠፋል። ስለዚህ ሸራ ለእኛ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ የማተሚያ መሣሪያው ብቻ ነው።

የወረቀት ታሪክ ደግሞ በዚህ ከተማ ላይ ሆኖ ለሚናገር ሰው የተለየ ትርጉም አለው። የመርጡለ ማርያም ታሪክ፣ እንደምታውቁት፣ በትውፊት ከአብርሃና አጽብሓ ዘመን ይጀምራል። ንግሥት እሌኒ እዚህ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ከግራኝ ጦርነት በኋላ የቀረው ፍርስራሽ፣ በድንጋይ ላይ የተፈለፈለው ሐረግና አበባ፣ ዛሬም የሚያየውን ሁሉ ያስደንቃል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በዚሁ ስፍራ መጥተው ሠርተዋል። የሃይማኖቱ ጠብ ብዙ ደም አፍስሶ በዐፄ ፋሲለደስ ጊዜ ከአገር ወጡ። ከእነርሱ ጋር የመጡት የኅትመት ሥዕሎች ግን አሻራቸውን ትተው ሄዱ።

ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል እንድትቀዳ እ.ኤ.አ. በ1569 ለኢየሱሳውያን ፈቃድ ተሰጠ። ቅጂዋም በየአህጉሩ ተሠራጭቶ ወደ እኛ አገር ደረሰ። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያናችን የምናውቃት፣ ልጇን በግራ ክንዷ አቅፋ እጆቿን ያነባበረችው ሥዕል አቀማመጧን ያገኘችው ከዚያ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1590ና በ1591 በሮም የታተመው ዐረብኛ ወንጌል ነው። በውስጡ ያሉትን የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶች የጎንደር ዘመን ሠዓልያን አይተው በብራና ወንጌሎች ላይ በራሳቸው ቀለም፣ በራሳቸው ዐይንና ፊት አድርገው ሣሏቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ወረቀቱ መልእክተኛ ነበር። መልእክቱን የተቀበለው፣ ያኖረው፣ የኛ ያደረገው ግን ብራናው፣ እንጨቱና ጨርቁ ነው። ዛሬ በየገዳማቱ የምናየው በአብዛኛው ወረቀቱን ሳይሆን ከወረቀቱ የተቀዳውን ነው።

ሥዕልን አብዝቶ በጨርቅ ላይ ማውጣትም ቢሆን የቆየ ሥራ ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓልያን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ክፍሎች ከፋፍለው በጨርቅ ላይ ይሥሉ ነበር። የዐድዋም ጦርነት እንዲሁ ይሣል ነበር። ገዢው እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ በመርከብ ይዞት ይሄዳል። አንዱ ከሌላው ተቀድቶ፣ ያው ታሪክ ብዙ ጊዜ ተሠርቷል። ጨርቅ ስለሚጠቀለል መንገድ አይፈራም።

መንገድ ስል የራሴን ስሕተት መናገር ይገባኛል። ከዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት ስድስት የሥዕል ቅጂዎች እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ነበር። ወረቀት መረጥኩ። ምርጫዬ ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር፤ ወረቀት ጥቃቅኑን መስመር ከሸራ አጥርቶ ያሳያልና። አንድ ማተሚያ ቤት አሳተመልኝ፣ ፍሬም ሠሪ መስታወት ገጠመበት። ከባሕር ዳር በሞጣ አድርገን ስንጓዝ ሁለቱ መስታወቶች መንገድ ላይ ተሰበሩ፤ ስባሪውም የአንዱን ሥዕል ፊት ቧጠጠው። የቀሩትን አራቱን ሰቀልናቸው። ክረምቱ አልፎ በጥቅምት ስመለስ ወረቀቱ ተኮማትሯል፣ በሦስቱ ላይ ደግሞ የታተመው ፊት ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ለመለየት ስሞክር ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር ቀረ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የኔ ነበር። በወረቀቱና በመስታወቱ መካከል ክፍተት የሚሰጥ ካርቶን እንዲገባ አላዘዝኩም። የክፍሉ ግድግዳ በክረምት ላብ እንደሚያወጣም አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በጥሞና አጠናሁት። ያገኘሁትን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

ወረቀት በራሱ መጥፎ አይደለም። ከጥጥ የተሠራ፣ አሲድ የሌለው ወረቀት ረጅም ዕድሜ አለው። ከእንጨት የሚሠራው ርካሹ ወረቀት ነው በውስጡ ባለው አሲድ የተነሣ ራሱን በራሱ የሚያቃጥለው። የድሮ ቤታችን ግድግዳ ላይ እናቶቻችን የለጠፉት ጋዜጣ ቢጫ የሆነው፣ ስንነካውም የተፈረፈረው ስለዚህ ነው። ችግሩ ጥሩው ወረቀትም ቢሆን ያለ መስታወት ሊሰቀል አለመቻሉ ነው። አቧራ፣ ጭስ፣ የዝንብ ቆሻሻና የልጅ ጣት ያጠፋዋል። መስታወት ደግሞ ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ የጧፍና የመስኮት ብርሃን እየመለሰ የሥዕሉን ፊት ይሰውረዋል። መቅረዝ ፊት ለፊት የተሰቀለ ሥዕል ውስጥ የምናየው ብዙ ጊዜ የራሳችንን ጥላ ነው።

ሸራ መስታወት አይፈልግም። በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ፣ በላዩ ቫርኒሽ ተቀብቶ በራሱ ይቆማል። ጥላሸት ሲያርፍበት በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል። ትልቅ ሲሆን እንኳ አንድ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል። ከሩቅ ለሚጓዝ ደግሞ ሥዕሉ ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ቱቦ ላይ ተጠቅልሎ ይሄድና እዚያው ደርሶ ይወጠራል። እርጥበት ሲያላላው በመወጠሪያው ማእዘኖች የሚገቡትን ትንንሽ ሽብልቆች መታ መታ በማድረግ ይጠብቃል። ከሁሉም በላይ፣ በጨርቅ ላይ የተወለደ ሥዕል ወደ ጨርቅ ሲመለስ የብርሃኑ አቀባበል ይመስላል፤ የድርና ማጉ ገጽ ቀለሙን ያረጋጋዋል።

ጉድለቱንም አልሸሽግም። የሸራው ጥልፍ ጥቃቅን መስመሮችን ይበላል። አንዳንዱ ርካሽ ሸራ ነጭ እንዲመስል የሚያነጣ ኬሚካል ስለሚጨመርበት በጥቂት ዓመት ውስጥ መልኩን ይለውጣል። በማእዘኑ ላይ በኃይል ሲታጠፍ የቀለሙ ሽፋን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ሸራው ከምን ተሠራ? ቀለሙ ፒግመንት ነው ወይስ ዳይ? ቫርኒሽ ይቀባል ወይ? ፒግመንት የሚባለው ቀለም ደቃቅ ዱቄት ነው፤ በፈሳሽ ውስጥ ከሚሟሟው ዳይ ይልቅ ብርሃንን ይቋቋማል። ጥያቄውን የማይመልስ ማተሚያ ቤት ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ፎቶግራፉም የራሱ ሕግ አለው። 12 ሜጋፒክስል ያለው ስልክ የሚሰጠው ምስል 4000 በ3000 ነጥብ ነው። በአንድ ኢንች 150 ነጥብ ሒሳብ ይህ የሚበቃው ለ68 በ51 ሳንቲሜትር ሸራ ነው። በቅርብ የሚታየው ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ 300 ነጥብ ይፈልጋል፤ ያው ፎቶ በወረቀት ላይ ለ34 በ25 ሳንቲሜትር ብቻ ይበቃል። ፍላሽ አታብሩ። ካሜራውን በሦስት እግር ላይ አቁማችሁ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጉት። ሁለት ተመሳሳይ መብራቶችን ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አስቀምጡ። የቀለም ካርድና ማስመሪያ በአንድ ጥግ አብራችሁ አንሡ፤ አታሚው ቀይን ከቡናማ እንዲለይ፣ መጠኑንም እንዲያውቅ።

ታዲያ ሁሉም ነገር በሸራ ይታተም ማለቴ ነው? አይደለም። የብራና ገጽ ከሆነ፣ ጽሕፈቱ መነበብ ካለበት፣ በወረቀት አትሙት። ብራና ለስላሳ ነው፣ ጥልፍ የለውም፤ የጸሐፊው የብዕር ጫፍ በሸራ ላይ ይጠፋል። የመማሪያ ቅጂም፣ ተማሪ በእጁ ይዞ የሚያጠናው፣ በወረቀት ይሁን። ደንቡ ቀላል ነው፤ ቅጂው የዋናውን ቆዳ ይምሰል። በጨርቅ ላይ የተሣለው በጨርቅ፣ በብራና ላይ የተሣለው በለስላሳ ወረቀት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እመለሳለሁ። እነዚያ ሦስት ሰዎች ሲሰናበቱኝ የሰበካ ጉባኤው አባል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፤ «መምህር፣ አዲሱ ከመጣ በኋላ አሮጌውን ከግድግዳው ብናነሣውስ? አንድ ሰው እንግዛችሁ ብሎናል።»

መልስ ከመስጠቴ በፊት የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነገርኳቸው። ይህ ደብር በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሠራ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚያቋርጥ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን፣ በማርሴል ግሪዮል መሪነት፣ ጎንደር ገባ። የደብሩ ሥዕሎች ተጎድተው ነበር። ቡድኑ አሮጌዎቹን ወስዶ በአዲስ እንደሚተካ ተናገረ። ከቡድኑ አባላት አንዱ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ሠዓሊ ነበር፤ እርሱም የሥዕሎቹን ቅጂ በሸራ ላይ ሠራ። ዋናዎቹ ጨርቆች ከግድግዳው ተላጡ፣ ተጠቀለሉ፣ ወደ ፓሪስ ሄዱ። ዛሬ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ለደብሩ የቀረው ቅጂው ነው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ነው። ይህን ስተርክ ፈረንሳውያኑን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ከፊታችን ያለውን አደጋ ለማሳየት ነው። ጨርቅ ስለሚላጥና ስለሚጠቀለል ዕድሜውን ያረዘመለት ጠባዩ ራሱ ለመወሰድም አመቸው። ሸራ ደግሞ ዋናውን በጣም ስለሚመስል «ይኸው ተተካልን» ብሎ ልብን ያዘናጋል። ወረቀት በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ማንም ዋናው ነው አይለውም። ሸራ ግን ለመምሰል የተፈጠረ ነው። ሸራን የምንመርጥበት ምክንያትና ሸራን የምንፈራበት ምክንያት አንድ ናቸው።

ስለዚህ ሸራን ስመክር ሁለት ግዴታ አብሬ እሰጣለሁ። አንደኛ፣ ቅጂው ቅጂ መሆኑን ይናገር። በጀርባው ላይ በማይለቅ ቀለም የዋናው ስም፣ የሚገኝበት ደብር፣ ፎቶው የተነሣበትና የታተመበት ቀን፣ «ቅጂ» የሚለውም ቃል ይጻፍ። መጠኑም ከዋናው ይለይ። በፓሪስ ሉቭር ቤተ መዘክር ሥዕል የሚቀዱ ሠዓልያን ቅጂያቸውን ከዋናው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ማሳነስ ወይም ማሳደግ ይገደዳሉ፤ የሠዓሊውንም ፊርማ መቅዳት አይፈቀድላቸውም። እኛም ይህን ያህል ጥንቃቄ አይከብደንም። በሕይወት ያለ ወይም በቅርብ ያረፈ ሠዓሊ ሥራ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ይጠየቅ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሠዓሊው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ሥራውን ይጠብቃል።

ሁለተኛው ግዴታ ይበልጣል። ቅጂው ለዋናው ዕረፍት እንዲሰጥ እንጂ ዋናውን እንዲያባርር አይሠራ። ቅጂው በቅኔ ማኅሌቱ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሰቀል፤ ሰው ይየው፣ ይሳለመው፣ ፎቶ ያንሣው። ዋናው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በመጋረጃው ተሸፍኖ ይቆይ። መጋረጃው ለክብር የተደረገ ነው፤ ነገር ግን ብርሃንንና አቧራን በመከልከል ለዘመናት ሥዕሎቻችንን ጠብቋል። ከተዋጣው ገንዘብም ቢያንስ ጥቂቱ ለጣሪያው ይሁን። ሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ሲለወጥ ከቆርቆሮው ሥር የሚወርደው ጠብታ፣ የተዘጋው የውኃ መውረጃ፣ የሌሊት ወፉ ኩስ፣ ሥዕሎቻችንን የሚያጠፉት እነዚህ ናቸው። ጨርቁ መልቀቅ ከጀመረ በምስማር አትምቱት፣ በገበያ ሙጫም አትለጥፉት፤ እንዳለ ተዉትና ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ የሰበካ ጉባኤው አባል ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «እኛ እኮ የምንቀይረው መጋረጃ መስሎን ነበር» አሉ። ቅንነታቸው ነካኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። ያ ሥዕል ስለ ተላጠ ያፈሩበት፣ ስለሚወዱት ደግሞ አዲስ ሊያደርጉት የፈለጉ ሰዎች ናቸው። ብዙ ቅርሳችን የጠፋው በጠላት እጅ ብቻ አይደለም፤ ቤቱን ለማሳመር በተነሡ በወዳጆቹም እጅ ነው።

ካህኑ ግን ጥያቄያቸው አልቀረም፤ «እንግዲያው በምን እናሳትመው?» አሉኝ። በሸራ አልኳቸው። አሳተሙት። ባለፈው በጋ ሄጄ አይቼዋለሁ። ከዋናው በአንድ አምስተኛ ያንሳል፣ በቅኔ ማኅሌቱ በስተቀኝ ተሰቅሏል፣ ጀርባው ላይ «ቅጂ» የሚለው ቃል በካህኑ በራሳቸው የቁም ጽሕፈት ተጽፏል። ዋናው ከነመላጡ በግድግዳው ላይ ነው። ጣሪያውም ተጠግኗል።

ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ነገር ከእናንተ እጠብቃለሁ። በየደብራችሁ ያለውን ሥዕል፣ አባቶችን አስፈቅዳችሁ፣ ቅድም በነገርኳችሁ ሥርዓት ፎቶ አንሥታችሁ መዝግቡ። መጠኑን ለኩ፣ በምን ላይ እንደ ተሣለ ጻፉ። ከማተማችሁ በፊት መዝግቡ። የተመዘገበ ሥዕል ቢሰረቅ ይፈለጋል፤ ያልተመዘገበ ግን እንዳልነበረ ይሆናል።